ፑት ኦፍን እንዴት እንደምትጠቀሟት

እንግሊዝኛ ለምትለማመዱ፣ ፑት ኦፍ የምትለዋን በደንብ ያዟት በጣም ነው የምትጠቅማችሁ። ብዙ ሰው የሚያውቃት ቀጠሮ ወይ ሥራ ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ በሚለው ነው፣ እሱ ልክ ነው፣ ስብሰባው ወደ ሰኞ ተላለፈ ለማለት ዘ ሚቲንግ ዋዝ ፑት ኦፍ አንቲል መንዴይ ትላላችሁ። ግን ደሞ አንድ ነገር ሲያስጠላችሁ ወይ ፍላጎታችሁን ሲዘጋውም እሷው ናት የምትገባው፣ ዘ ስሜል ፑት ሚ ኦፍ ያለ ሰው ሽታው አስጠላኝ ማለቱ ነው እንጂ ሽታው ቀጠሮ አራዘመብኝ እያለ አይደለም ሃሃ።

አስቸጋሪው ቦታዋ ላይ ነው፦ ኢት፣ ሂም፣ ዜም ምናምን ሲመጡ ሁሌም መሀል ነው የሚገቡት፣ ፑት ኢት ኦፍ እንጂ ፑት ኦፍ ኢት በጭራሽ አይባልም። እንደ ዘ ሚቲንግ ያለ የነገር ስም ከሆነ ግን መሀልም ገባ መጨረሻ ችግር የለውም። ከኋላዋ ግስ ከተከተለ አይኤንጂ ጨምሩበት፣ ፑት ኦፍ ጎይንግ እንጂ ፑት ኦፍ ቱ ጎ እንዳትሉ። ለኃላፊ ጊዜም ያው ፑት ናት አትቀየርም። መብራት አጥፋ ለማለት ደሞ እሷን ተዉአት፣ ተርን ኦፍ በሉ።