ብቻችሁን ከቡድን ጋር ተራራ ስትወጡ ከመሪው ቀጥሎ ሁኑ

ከደሴ የጦሳን ተራራ ለመውጣት ከማታውቁት ቡድን ጋር ብቻችሁን ከሄዳችሁ፣ ጉዞው ሳይጀመር መንገድ መሪውን ጠጋ ብላችሁ "ብቻዬን ነኝ፤ ካንተ ቀጥሎ ልሁን?" በሉት። ከዚያ ሁለተኛ ሆናችሁ ውጡ።

ብዙ ሰው ይሉኝታ ይዞት ከኋላ ይሰለፋል። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። የፊተኞቹ አረፍ ብለው፣ ውሃ ጠጥተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ የኋለኛው ገና ዳገቱን እየታገለ ነው። እሱ ሲደርስ "በሉ እንቀጥል" ይባላል። ከሁሉም በላይ እረፍት የሚያስፈልገው ሰው ሳያርፍ ይነሳል። ጓደኛ ያለውስ የሚጠብቀው አያጣም፤ ብቻውን የመጣው ግን ወደኋላ ቢቀር ቶሎ ልብ የሚለው የለም።

ሁለተኛ ስትሆኑ መሪው ትንፋሻችሁን ይሰማል፤ እርምጃውን በእናንተ ልክ ያደርጋል። እረፍቱንም ሙሉውን ታገኛላችሁ። ከኮምቦልቻ ለምትመጡማ በጣም ይጠቅማችኋል። ደሴ ራሷ ከኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ጦሳ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። እግር ቢጠነክርም ትንፋሽ ያጥራል። እያወራችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ሳታፍሩ "ቀስ እንበል" በሉ።

ቁልቁለት ላይ ግን ይሄን ተዉት። ድንጋዩ የላላ ከሆነ፣ ከኋላ ያለው ሰው የረገጠው ተንከባሎ የሚመጣው ፊት ባሉት ላይ ነው። እዚያ መሪው በሚያሳያችሁ ቦታ፣ ርቀት ጠብቃችሁ ውረዱ።