የሲአርኤም አድሚን ስታሰለጥኑ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠበቁ

ጅማ ውስጥ የቡና አቅራቢም ሆነ የህንፃ መሣሪያ ሻጭ የደንበኞቹን ዝርዝር ከደብተር ወደ ሲአርኤም (የደንበኞችን መረጃ የሚይዝ ሶፍትዌር) ላዙር ሲል መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ማን ያስተዳድረዋል፣ ማለትም አድሚኑ ማን ይሁን የሚለው የሚነሳው ብሩ ከተከፈለ በኋላ ነው። ስህተቱም ከዚያ ይጀምራል።

“ኮምፒውተር ይችላል” ብሎ መምረጥ። አዲስ የተመረቀው ልጅ እጁ ፈጣን ነው። ግን የአጋሮው ነጋዴ በዱቤ እንደሚወስድ፣ የሊሙው ደግሞ ሳይደወልለት እንደማይመጣ አያውቅም። ሽያጭ ላይ የቆየችውን ሠራተኛ አሰልጥኑ። ሶፍትዌሩ ይለመዳል።

በአሰልጣኙ ናሙና ብቻ መለማመድ። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ናሙናው ላይ ሁሉም ነገር ያምራል፤ ጉዱ የሚወጣው የራሳችሁ ፋይል ሲገባ ነው። ኤክሴል ስልክ ቁጥሩን እንደ ተራ ቁጥር ካየው የፊቷን ዜሮ ይበላታል፤ 0917 ብሎ የሚጀምረው 917 ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰልጣኟ ቁጥሮቹን ከመሙላቷ በፊት ዓምዱን ወደ ቴክስት መቀየር ትልመድ።

ስም ደግሞ ይብሳል። አንዱ መሐመድ፣ ሌላው መሀመድ፣ ሦስተኛው በቁቤ ይመዘግበዋል። ለሶፍትዌሩ እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሰውዬው ለአንድ ዕዳ ሦስት ጊዜ ይደወልለታል፤ ስድቡን የምትቀበለው ሪሴፕሽኗ ናት። ስለዚህ መዝገብ የሚለየው በስልክ ቁጥር ይሁን፤ የተደጋገመውን ማዋሃድም በራሳችሁ ዳታ ይሠልጠን። ሴልስፎርስ የሚባለው ሲአርኤም ደግሞ የመጨረሻ ስም ካልተሞላ አላስቀምጥም ይላል። የደንበኛውን አባት ስም የማያውቅ ሠራተኛ ነጥብ ጠቅ አድርጎ ያልፋል። ባዶውን በምን እንደሚሞሉት ቀድማችሁ ተስማሙ።

ሰዓቱንም አትርሱ። ደንበኛው “ነገ 3 ሰዓት ደውሉልኝ” ካለ ጠዋት ማለቱ ነው። እንዳለ 03:00 ብሎ የሞላ ሠራተኛ ማስታወሻው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይቀሰቅሰዋል።

ሥራ እንዲቀል ብሎ ሁሉንም አድሚን ማድረግ። ሁሉም መሰረዝ ከቻለ አንድ ቀን አንዱ ይሰርዛል። ሴልስፎርስ ላይ የተሰረዘ መዝገብ ሪሳይክል ቢን ውስጥ የሚቆየው 15 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ባክአፕ ከሌላችሁ አበቃ። ደግሞስ የደንበኛን ስልክና ዕዳ ሁሉም ሠራተኛ ምን ያደርግለታል? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል እኮ። ማን ምን ማየት እንዳለበት መለየት ከሥልጠናው ዋና ክፍል ይግባ።

አንድ ሰው ብቻ ማሰልጠን። ሁለት ይሁኑ። የአድሚኑ አካውንት የሚከፈትበት ኢሜይልም የድርጅቱ ይሁን እንጂ የልጁ የግል ጂሜይል አይሁን። ፓስወርድ ሲጠፋ ኮዱ የሚላከው ለእሱ ነው። እሱ ደግሞ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፤ ስልኩም አይነሳም።