የቡድን ዕቅድ መከታተያ ሰንጠረዥ ሲያስቸግር

ዕቅድ ሲጓተት ወቀሳው ቀድሞ የሚያርፈው በሠራተኛው ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሰንጠረዡ ይመርመር። እነዚህ ችግሮች ዕቅዳቸውን በጉግል ሺትስ (በኢንተርኔት በጋራ በሚሞላ የሰንጠረዥ ፕሮግራም) በሚከታተሉ ቡድኖች ዘንድ የሚያጋጥሙ ናቸው።

ምልክት፦ ቀነ ገደቡ ገና የሆነ ሥራ ሁሉ ቀልቶ «ጊዜው አልፏል» ይላል።

መንስኤ፦ ቀኑ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያሰላው ግን በጎርጎርዮሳዊው ነው። ኅዳር 15 ቀን 2018 ለማለት 15/03/2018 ብትጽፉ፣ ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ የተስተካከለ ሰንጠረዥ ዓመታት ያለፉትን ማርች 15 ቀን 2018 ይወስዳል። ትክክለኛው አቻ ኖቬምበር 24 ቀን 2025 ነው። 30/02/2018 ደግሞ የባሰ ነው። ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌላት ጥቅምት 30 እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀመጣል፤ ጊዜው ቢያልፍም አይቀላም፣ ማንም አያስተውለውም።

መፍትሄ፦ ሁለት ዓምድ ይኑር። አንዱ ለሰው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ፎርማቱ «ፕሌይን ቴክስት» (ተራ ጽሑፍ) የሆነ፤ ሌላው ለቀመሩ፣ በጎርጎርዮሳዊው። የመንግሥት በጀት ዓመት የምትከተሉ ከሆነ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት የሚዘጋው መስከረም 30 ማለትም በአብዛኛው ዓመት ኦክቶበር 10 እንጂ ሴፕቴምበር 30 አይደለም።

ምልክት፦ አፈጻጸሙ 100 በመቶ ነው፤ የተገልጋዩ ቅሬታ ግን አልቀነሰም።

መንስኤ፦ ግብ ተብሎ የሰፈረው ተግባር ነው። «ሥልጠና መስጠት» ሥልጠናው በተሰጠ ማግስት ይሞላል፤ ምን እንደለወጠ ግን አይናገርም። የብዙ መሥሪያ ቤት ዕቅድ የሚታመመው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

መፍትሄ፦ ለእያንዳንዱ ግብ መነሻ፣ ዒላማና አሁን የተደረሰበትን ቁጥር አስገቡ። መቶኛውን ሰው በግምት አይሙላው፤ አሁን ካለው ላይ መነሻውን ቀንሳችሁ፣ ከዒላማው ላይ መነሻው ተቀንሶ ለሚገኘው አካፍሉ። ለቅሬታ ምላሽ የሚወስደውን ጊዜ ከ10 ቀን ወደ 4 ለማውረድ ታቅዶ አሁን 7 ላይ ከደረሰ፣ የተቀነሰው 3 ቀን ሊቀነስ ከታሰበው 6 ቀን ጋር ይነጻጸራል፤ አፈጻጸሙ 50 በመቶ ነው። ቀመሩ ለሚጨምርም ለሚቀንስም ግብ ይሠራል።

ምልክት፦ አንድ ረድፍ ለሳምንታት ማንም አይነካውም።

መንስኤው ብዙ ጊዜ በፈጻሚው ዓምድ «ሁሉም» ወይም የክፍል ስም መጻፉ ነው። የአንድ ሰው ስም ይግባበት፤ አጋዦቹ በሌላ ዓምድ ይስፈሩ።

ምልክት፦ ቁጥሮቹ ከግቦቹ ጋር ተምታተዋል።

አንድ ሰው አንድ ዓምድ ብቻ መርጦ ደርድሯል። ከፋይል ሜኑ «ቨርዥን ሂስትሪ» (የቀደሙ ቅጂዎች ዝርዝር) ገብታችሁ የቀድሞውን መልሱ፤ የቀመር ዓምዶቹን ቆልፉ፤ ለየራሱ መደርደር የሚፈልግ የሌሎችን እይታ የማይለውጠውን «ፊልተር ቪው» ይጠቀም።