ዝዝዝ የሚለው የቤዝ ክር

የቤዝ ጊታሬ ወፍራም ክር፣ ኢ፣ ዝዝዝ ይል ነበር። ግን ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በተርታ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች) ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ይሄ ራሱ ፍንጭ ነው፦ ብሪጁን (ክሮቹ የጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበትን ብረት) ከመነካካት በፊት አንገቱን ማየት።

ቃኘሁት። 1ኛውንና የመጨረሻውን ፍሬት አንድ ላይ ተጭኜ 8ኛው ጋ አጎንብሼ አየሁ። ክሩ ፍሬቱ ላይ ልጥፍ ብሏል። 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት መኖር ነበረበት። አንገቱ ከልክ በላይ ቀጥ ብሏል ማለት ነው።

ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን፣ ጉብጠቱን የሚያስተካክለውን ዘንግ) በልኩ ቁልፍ ሩብ ዙር ወደ ግራ አላላሁት። (እምቢ ካለ በጉልበት አትታገሉት፤ ከተበላሸ ጣጣው ብዙ ነው።) መልሼ ስቃኘው ዝዝታው የለም።

ክሩ ትንሽ ከፍ ስላለ ሳድሉን (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ቁራጭ) ዝቅ አድርጌ 12ኛው ፍሬት ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር አደረስኩት። ኢንቶኔሽኑንም (ቅኝቱ በየፍሬቱ ልክ መሆኑን) ቼክ አደረግኩ፤ ደህና ነው።