ሜዳ ላይ የሚውሉ ዶሮዎችን ከጭልፊትና ከሌሎች አውሬዎች እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ዶሮ ወጥታ መሬት ስትጭር፣ ትል ስትለቅም፣ አፈር ላይ ተንከባልላ ላባዋን ስታራግፍ ማየት ደስ ይላል። ለእሷም ጤና ነው። ግን ሜዳ ላይ የዋለች ዶሮ ፈላጊዋ ብዙ ነው። ከላይ ጭልፊት አለ፣ በቁጥቋጦ ሥር ሙጭልጭላ፣ ከአጥር ውጭ ቀበሮና ባለቤቱ የለቀቀው ውሻ። አንድ ሁለት ከጠፋ በኋላ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጥና ወይ ቀኑን ሙሉ ይዘጋባቸዋል ወይ እርባታውን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። እኔ ሁለቱም አያስፈልግም ባይ ነኝ። ዶሮ በብዛት የሚጠፋው ቀን መደበቂያ የሌለው ገላጣ ቦታ ስለሚውል፣ ማታ ደግሞ በወጉ ያልተዘጋ ቤት ውስጥ ስለሚያድር ነው። እነዚህን ሁለቱን ካስተካከላችሁ የቀረው ቀላል ነው።

መጀመሪያ ማን እንደወሰደው እወቁ

ዶሮ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። ጭልፊት ስለሚታይ ይወቀሳል፣ ሸለምጥማጥ ግን ማንም ሳያየው መጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ መረብ ከመግዛታችሁ በፊት የቀረውን ምልክት በደንብ እዩ፤ ያለበለዚያ ሌባው በሥር እየገባ እናንተ ላይ ላዩን ስትሸፍኑ ትከርማላችሁ።

ጭልፊት የሚያድነው ቀን ነው። ትልቅ ዶሮ ተሸክሞ ለመብረር ስለምትከብደው ብዙ ጊዜ እዚያው መሬት ላይ እየነጨ ይበላታል። ላባዋ ዙሪያውን ተበትኖ፣ ደረቷ ተበልቶ ታገኟታላችሁ። አንድ ላባ አንሱና ሥሩን ተመልከቱ። በምንቃር የተነጨ ላባ ከነሥሩ ሙሉ ሆኖ ነው የሚወጣው። ጥርስ ያለው አውሬ ግን ላባውን ከቆዳው አጠገብ ይቀነጥሰዋል፤ ሥሩ የተቆረጠ ወይም የታኘከ ይሆናል፣ አንዳንዴም በምራቅ ተጣብቆ ይገኛል። ይህቺን ምልክት ማየት ከብዙ ግምት ያድናል።

ጉጉት የሚመጣው ሲመሽ ነው። ዛፍ ላይ ወይም ደጅ ያደረች ዶሮ ካገኘ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቷንና አንገቷን በልቶ ሌላውን ይተዋል። ሸለምጥማጥ ቤት ከገባ በአንዷ አይመለስም፤ አንገት አንገታቸውን እየነከሰ ከሚበላው በላይ ሊገድል ይችላል። ሙጭልጭላ ደግሞ በጠራራ ፀሐይም ይመጣል። ቀበሮ ይዞ ነው የሚሄደው፤ የሚቀረው ወደ አጥሩ የሚያመራ የላባ መስመር ብቻ ነው። ብዙ ዶሮ ወዲያና ወዲህ ወድቆ፣ ተነክሶ ግን ሳይበላ ካገኛችሁ ውሻን ጠርጥሩ።

ጫጩት ያለ ምንም ምልክት ከጠፋ ነገሩ ከበድ ይላል፤ ጭልፊትም፣ ቁራም፣ ድመትም፣ አይጥም፣ እባብም ሊሆን ይችላል። የቤቱን ጥግና ወለል ፈትሹ፤ የአይጥ ጉድጓድ ካለ ጫጩቶቹ ወደዚያ ተጎትተው ይሆናል። እንቁላል ስባሪ ቅርፊት እንኳ ሳይተው ከጠፋ እባብን መጠርጠር ጥሩ ነው። አሁንም ካልለየላችሁ ማታ በሩ ፊት ደቃቅ አሸዋ ወይም አመድ ነስንሳችሁ እደሩ፣ ጠዋት ዱካውን ታገኛላችሁ።

ከሌሊቱ ጀምሩ

ሌሊቱን መዝጋት ቀኑን ከመጠበቅ ይቀላል፣ ስለዚህ ከዚያ እንጀምር። ዶሮ በጨለማ እምብዛም አታይም። ቆጥ ላይ ከወጣች በኋላ አውሬ አጠገቧ ቢደርስ እንኳ ወዴት እንደምትሸሽ አታውቅም። ያላት መከላከያ እናንተ የሠራችሁላት ቤት ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ሽቦው። በተለምዶ የዶሮ ሽቦ የሚባለው፣ ያ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ፣ ዶሮዋ እንዳትወጣ ያደርጋል እንጂ አውሬው እንዳይገባ አያደርግም። ውሻ ይቀደዋል፣ ቀጫጭን አውሬዎችና አይጥ ደግሞ በቀዳዳው ያልፋሉ። ለማደሪያው የሚሆነው በብየዳ የተያያዘ፣ ቀዳዳው 12 ወይም 13 ሚሊሜትር የሆነ ወንፊት ሽቦ ነው። ይወደዳል፣ አውቃለሁ። ብር ካጠረ የውሎ አጥሩን በርካሹ ሠርታችሁ ማደሪያውን ብቻ በዚህ ሸፍኑት። ስትመቱትም በዩ ሚስማር ወይም በብሎንና በሮንዴላ ይሁን፤ እየገፋና እየጎተተ የሚሞክር አውሬ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ሽቦውን ሳይሆን የተያያዘበትን ቦታ ነው።

ቀዳዳ ፈራን ብላችሁ መስኮቱን አትድፈኑ። ከኩሱ የሚወጣው ጋዝና እርጥበት መውጫ ካላገኘ ዶሮዎቹ በመተንፈሻ በሽታ ያልቁባችኋል፤ መስኮቱን በወንፊቱ ሸፍናችሁ አየሩ ይግባ። ሌላውን ክፍተት ለማግኘት ቀን ላይ ውስጥ ግቡና በሩን ዘግታችሁ ቁሙ። ብርሃን የሚገባበትን ቦታ ሁሉ ታያላችሁ፤ በጣራውና በግድግዳው መገናኛ፣ በቆርቆሮው እጥፋት ሥር፣ በበሩ ታች። አንድ ጣት እንኳ የሚያስገባ ከሆነ ለአውሬ ይበቃል ብላችሁ ድፈኑት።

ለሚቆፍረው አውሬ ወለሉ ሲሚንቶ ካልሆነ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ሽቦውን ከግድግዳው ሥር ወደ ውጭ አጥፋችሁ ከ40 እስከ 60 ሳንቲሜትር ያህል መሬት ላይ አንጥፉት፣ ከዚያ በድንጋይ ወይም በካስማ አጥብቁት። ሣር ሲበቅልበት አይታይም። ቀበሮም ሆነ ውሻ መቆፈር የሚጀምረው ልክ ከግድግዳው ሥር ነው፤ እዚያ ሽቦ ሲያጋጥመው ወደ ኋላ ርቆ መጀመር ብዙ ጊዜ አይታየውም። እኔ ይህን በጥልቀት ቆፍሮ ሽቦ ከመቅበር እመርጠዋለሁ፣ ድካሙ ግማሽ ነው።

በሩ ላይ በአፍንጫ ተገፍቶ የሚከፈት መቀርቀሪያ አይበቃም፤ መንጠቆ ወይም ቁልፍ ጨምሩበት። ጀንበር ሳትጠልቅ በአንድ ዓይነት ድምፅ እየጠራችሁ ትንሽ እህል ውስጥ በትኑላቸው። ቶሎ ይለምዱታል፣ ከዚያ በኋላ በጠራችሁ ቁጥር እየተሯሯጡ ይመጣሉ፤ ቀን ጭልፊት ሲያንዣብብም ይኸው ጥሪ ይጠቅማችኋል። ሲገቡ ቁጠሯቸው። በሰዓት ወይም በብርሃን ራሱን የሚዘጋ በርም አለ፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የዘገየችውን ውጭ አስቀርቶ ሊዘጋ ስለሚችል ቆጠራውን አይተካም።

መኖ አታሳድሩ፣ እንቁላልም በየቀኑ ሰብስቡ። የተረፈ መኖ አይጥ ይጠራል፣ አይጡ ደግሞ እባቡንና ሸለምጥማጡን ይጠራል።

ቀን ቀን መሸሸጊያ ስጧቸው

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጭልፊትን ማባረር ላይ ያተኩራል፣ ዶሮዋ የምትገባበትን ቦታ ማዘጋጀት ግን ይረሳል።

ዶሮዎቻችሁን ለተወሰነ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቷቸው። እየጫሩ ሳለ አንዷ በድንገት ትቆምና ጭንቅላቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ ሰማዩን ታያለች። ያኔ እናንተም ቀና በሉ፤ ብዙ ጊዜ እናንተ ነጥብ እንኳ ሳይታያችሁ እሷ አይታዋለች። አውራው ደግሞ ከላይ ለሚመጣና በምድር ለሚመጣ አደጋ የተለያየ ድምፅ አለው። በምድር ለሚመጣው ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥ ጩኸት ያሰማል፣ ሌሎቹም አንገታቸውን አስግገው ዙሪያውን ይቃኛሉ። ከላይ ለሚመጣው ግን ሳብ ያለ ጩኸት ነው፤ ይህን ሲሰሙ ወይ ወደ መጠለያ ይሮጣሉ ወይ ባሉበት ዝቅ ብለው ድርቅ ይላሉ። ማስጠንቀቂያው አላቸው ማለት ነው። የሚጎድላቸው የሚሮጡበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ሜዳውን ስታዩት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ዶሮዋ ከየትኛውም ቦታ ተነስታ በጥቂት ሴኮንድ ሽፋን ሥር ትገባለች? ካልገባች ጨምሩ። ከሁሉም የሚሻለው ዝቅ ብሎ የተንዠረገገ፣ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው። እሱ እስኪያድግ አራት አጭር እንጨት ተክላችሁ ላዩን በቆርቆሮ፣ በጣውላ ወይም በሸራ ሸፍኑ። ቁመቱ ግማሽ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ዶሮ ትገባበታለች፣ ጭልፊት ግን ክንፉን ዘርግቶ አይገባበትም። ቢያንስ ሁለት ጎኑ ክፍት ይሁን፣ በምድር የመጣ አውሬ እዚያ ውስጥ እንዳያፍናቸው። አሮጌ ጠረጴዛ፣ የቆመ ጋሪ፣ የተገለበጠ ትልቅ ሳጥን፣ ያላችሁን ተጠቀሙ።

መኖና ውሃውንም ከእነዚህ መጠለያዎች ሥር አድርጉት። ዶሮ የምትሰበሰበው መኖ ባለበት ነው፤ ገላጣ ላይ ከሆነ ጭልፊቱ ማዕዱን ቀርቦለት ያገኛል። የዱር ወፎችም መኖውን ፍለጋ ብዙም አይመጡም፣ እነሱን ተከትሎ የሚመጣው ጭልፊትም ይቀንሳል።

ረጅም ዛፍ ብቻውን ግን አያስተማምን። ጭልፊት እንደዚህ ያለ ዛፍ ወይም ምሰሶ ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው፣ ጉልበቱም ድንገተኛነቱ ነው። ሜዳው ዳር የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ ቁረጡት። አጥሩ ሥር ያለውንም ረጅም ሣር አጽዱ፤ ቁጥቋጦው መሀል ሜዳው ላይ ሲሆን ለዶሮዎቹ ነው፣ አጥሩ ላይ ሲሆን ግን ለሙጭልጭላው መደበቂያ ይሆናል።

ቦታችሁ ጠባብ ከሆነ ከላይ መረብ መዘርጋት ከሁሉም ይበልጣል። በደንብ ወጥሩት፣ የረገበ መረብ ወፍ ይጠላልፋል። መረብ ካልተገኘ የሚታይ ጠንካራ ሲባጎ ከዳር ዳር እያመላለሳችሁ ፍርግርግ አድርጉበት፤ ሙሉ በሙሉ ባይዘጋም ጭልፊቱ ተወርውሮ እንዳይወርድ ያስቸግረዋል። ጠዋት ደግሞ በጣም ማልዳችሁ አትልቀቋቸው። ፀሐይ ከፍ ብላ፣ ሰው ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ይውጡ። እንቁላሉንም ቤት ውስጥ ጥለው ስለሚወጡ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ከመፈለግ ትድናላችሁ።

ጫጩቶች ለብቻቸው

እናት ዶሮ ደፋር ናት፣ ክንፏን ነፍታ ድመት ታባርራለች። ግን አንዱን ስታባርር ሌላው ይወስድባታል። ጫጩቶች ቢያንስ እስከ 8 ሳምንት ገላጣ ሜዳ ላይ ባይወጡ ይመረጣል። ወለል የሌለው፣ ጎኑም ላዩም በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ሳጥን ሥሩላቸው፤ እናታቸው ከነሱ ጋር ትግባ፣ በየቀኑ ወደ አዲስ ሣር አንሸራትቱት። መሬቱ ጎርበጥባጣ ከሆነ ከሥሩ የሚቀረውን ክፍተት በድንጋይ ዝጉ። ማታ ወደ ቤት።

የሚያግዙ እንስሳት፣ የሚያብለጨልጩ ነገሮች

ንቁ አውራ ዶሮ ይኑራችሁ። ዝይና ጅግራም እንግዳ ነገር ሲያዩ ግቢውን በጩኸት ያናጉታል፤ ጭልፊቱን ባያስቆሙትም እናንተን ያስጠሯችኋል። ከቡችላነቱ ጀምሮ ከዶሮ ጋር ያደገና የተገራ ውሻ ከሁሉም የላቀ ነው፣ ግን ሳይለምድ ብቻውን አትተዉት፤ ጨዋታ መስሎት ይጨርሳቸዋል።

አሮጌ ሲዲ፣ የሚያብለጨልጭ ላስቲክ፣ የሰው ምስል፣ የፕላስቲክ ጉጉት፣ ሁሉም ለጥቂት ቀን ይሠራሉ። ቦታቸውን ካልቀያየራችሁ ጭልፊቱ ይለምዳቸዋል። ለማገዣነት ይሁኑ እንጂ አትተማመኑባቸው።

ከተወሰደባችሁ በኋላ

አንዴ የቀናው ጭልፊት ይመለሳል። ስለዚህ በዚያው ቀን ሬሳውን አንሱ፣ ዶሮዎቹን ለጥቂት ቀናት አትልቀቁ፤ ምናልባትም አንድ ሳምንት። ባዶ ሜዳ ደጋግሞ ካገኘ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። በእነዚያ ቀናት መጠለያውን ጨምሩ፣ አጥሩን ፈትሹ። ሲለቀቁም መጀመሪያ ሰው አጠገባቸው ባለበት ሰዓት ብቻ ይሁን።

መርዝ በፍጹም አታስቀምጡ። መርዙን ውሻችሁም፣ የጎረቤት ድመትም፣ ዶሮዋ ራሷም ታገኘዋለች፤ በመርዝ የሞተውን የሚበላ ወፍም አብሮ ይሞታል። ጭልፊትን፣ ንስርንና ጉጉትን መግደል በብዙ አገሮች በሕግ ያስቀጣል። ደግሞም አይጡን የሚበሉላችሁ እነሱ ናቸው።

ተነክሳ ወይም ተቧጥራ የተረፈች ዶሮ ካለች ከሌሎቹ ለይታችሁ ጸጥ ያለ፣ ሞቅ ያለና ደብዘዝ ያለ ቦታ አስቀምጧት። ውሃ አቅርቡላት። ላባዋን ገለጥ ገለጥ እያደረጋችሁ ፈልጉ፤ የጥፍርና የጥርስ ቁስል ከላይ ጠባብ ሆኖ ወደ ውስጥ ጥልቅ ሊሆን ይችላል። ለብ ባለ የጨው ውሃ እጠቡት፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ጠብቁ። ጥልቅ ከሆነ ወይም ድመት ነክሷት ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ይያት፣ የድመት ንክሻ ቶሎ ያመረቅዛል። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ሳይዝ ወደ መንጋው አትመልሷት፤ ደም ያዩ ዶሮዎች ይጠቀጥቁታል። ስትመልሷትም ማታ ሌሎቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ መሀላቸው አስቀምጧት፣ ጠዋት ደግሞ ቀደም ብላችሁ ሂዱና እንዴት እንደተቀበሏት እዩ።