አምፕሊፋየሩ ሲጠፋ፣ ዉፈሩ ሲንኮሻኮሽ፦ የመኪና ድምፅ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

መኪና ላይ የተገጠመ አምፕሊፋየር ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚወቀሰው ራሱ አምፕሊፋየሩ ነው። ይነቀልና ሌላ ይገጠማል፤ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ያንኑ ይደግማል። እቃው ደህና ሆኖ ሳለ ከስፒከሩ ኦም (ለኤሌክትሪክ ካለው መቋቋም)፣ ከስፒከሩ ዋት ወይም ከመኪናው ኤሌክትሪክ አቅም ጋር ሳይመዛዘን የተመረጠበት ጊዜ ይበዛል። ከታች ያለውን በቴስተር (በቮልትና ኦም መለኪያ) እየለኩ ይከተሉ። ቴስተር ከሌለ ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት ተውሰውም ቢሆን ያምጡ።

ካርቶኑ 2000 ዋት ይላል፣ ድምፁ ግን ደካማ ነው

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው "ማክስ" ወይም "ፒክ" የሚባለው ቁጥር ነው፤ ለመግዣ መለኪያ አይሆንም። የሚፈለገው አርኤምኤስ ዋት፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው፤ እሱም በስንት ኦም እንደተለካ አብሮ መጻፍ አለበት። ያ ካልተጻፈ ፊውዙ እውነቱን ይናገራል። አምፕሊፋየሩ ጎን ላይ የተሰኩትን ፊውዞች አምፔር ይደምሩ፣ በ13.8 ቮልት ያባዙ፤ ክላስ ዲ (ኃይል ቆጣቢው አሠራር) ከሆነ በ0.8፣ ክላስ ኤቢ (የበለጠ የሚሞቀው አሠራር) ከሆነ ደግሞ በ0.55 ገደማ ያባዙት። አንድ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ብቻ ያለው ክላስ ዲ፣ 30 × 13.8 × 0.8 = 331 ዋት ገደማ ነው። ያለማቋረጥ ከዚያ ብዙ አልፎ ቢሄድ ፊውዙ ይበጠስ ነበር።

ሲመርጡ ከስፒከሩ ይነሱ። የበር ስፒከሮቹ 75 ዋት አርኤምኤስ ከሆኑ በ4 ኦም በቻናል ከ60 እስከ 100 ዋት የሚሰጥ ባለ 4 ቻናል ይበቃቸዋል። ለሰብዉፈር (ለቤዝ ስፒከሩ) ሞኖብሎክ፣ ማለትም ባለ አንድ ቻናል፣ ክላስ ዲ ይሻላል፤ ትንሽ ይሞቃል፣ ባትሪውንም ያን ያህል አያስጨንቅም። ከ300 ወደ 400 ዋት ለመዝለል ገንዘብ ከመጨመር ግን ጥሩ ሳጥንና ጥሩ ኬብል መግዛት ይሻላል፤ የድምፁ ልዩነት 1.25 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ጆሮ በጭንቅ ነው የሚለየው።

ድምፁ ከፍ ሲል "ፕሮቴክት" መብራቱ በርቶ ጥፍት ይላል

የስፒከር ሽቦዎቹን በሙሉ ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉና ያብሩት። ቀዩ መብራት አሁንም ካለ ከቴፑ (ከመኪናው ሙዚቃ ማጫወቻ) ድምፅ የሚያመጣውን አርሲኤ ኬብልም ይንቀሉ። እንዲያም ሆኖ ካልጠፋ ችግሩ ውስጡ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተቃጠለ ትራንዚስተር ስለሆነ ለጠጋኝ ይሰጣል። ስፒከሮቹ ሲነቀሉ መብራቱ ከጠፋ ግን ጥፋቱ ከስፒከሩ ወይም ከሽቦው ነው።

አሁን ኦም ይለኩ። ባለ 4 ኦም ስፒከር በቴስተር ከ3.2 እስከ 3.8 አካባቢ ያሳያል፤ ባለ 2 ኦም ከ1.6 እስከ 1.9። ጎድሎ መታየቱ ጤናማ ነው፤ ቴስተሩ የሚለካው የኮይሉን፣ ማለትም ስፒከሩ ውስጥ የተጠመጠመውን፣ ሽቦ ብቻ ነው። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሽቦ ተነካክቷል ወይም ኮይሉ ሾርት ሆኗል። ቀጥሎ እያንዳንዱን የስፒከር ሽቦ ከመኪናው ቦዲ ጋር ይለኩ፤ ምንም ግንኙነት ሊያሳይ አይገባም። ካሳየ በመጀመሪያ የበሩን ማጠፊያ ይዩ። እዚያ ጎማ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፍ ፕላስቲኩ ይላጥና ብረት ይነካል።

ልኩ ደህና ከሆነ አገናኙን ይመርምሩ፤ ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ጋ ነው። ባለ ሁለት ኮይል ዉፈር እያንዳንዱ ኮይል 4 ኦም ከሆነ በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) 2፣ በሲሪስ (የአንዱ ኔጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ) 8 ይሆናል። ኮይሎቹ 2 ኦም ከሆኑ በፓራለል 1፣ በሲሪስ 4። ሁለት ባለ 4+4 ዉፈሮች ሁሉም በፓራለል ከተያያዙ 1 ኦም ይወጣል፤ ሞኖብሎኩ እስከ 2 ኦም ብቻ የሚችል ከሆነ ራሱን ለማዳን ይጠፋል።

ብሪጅ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ሁለት ቻናል አንድ ላይ ሲሠራ እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የዉፈሩን ግማሽ ኦም ነው። 2 ኦም ዉፈር በብሪጅ ሲያያዝ ለእያንዳንዱ ቻናል 1 ኦም ሆኖ ይደርሰዋል። አብዛኞቹ ባለ 4 ቻናሎች በብሪጅ ከ4 ኦም በታች አይችሉም፤ ለእነሱ ነጠላ 4 ኦም ወይም በሲሪስ የታሰረ 2+2 ዉፈር ነው የሚገዛው።

ኦሙ ልክ ሆኖ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚጠፋ፣ አካሉም እጅ የሚያቃጥል ከሆነ አየር አጥቷል። ከምንጣፍ ስር ያውጡት፣ በየጎኑ ጥቂት ሴንቲሜትር ክፍት ቦታ ይተዉለት። የዉፈሩ ሳጥን ላይ በቡሎን አይሰሩት፤ ንዝረቱ ውስጥ ያለውን ብየዳ ቀስ በቀስ ይሰነጥቀዋል።

ቤዝ ሲመታ የመኪናው መብራት ይደበዝዛል

የጠፋውን ቮልት መፈለግ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ ሙዚቃው እየመታ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ። የሚያነቡት ኬብሉ መንገድ ላይ የበላው ቮልት ነው። ከ0.5 ካለፈ ኬብሉ ቀጭን ነው ወይም ማያያዣው ላልቷል። ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ አምፕሊፋየሩ ማሳም፣ ማለትም ከቦዲ ጋር እስከሚታሰረው ኔጌቲቩ፣ እንዲሁ ይለኩ። በሁለቱም በኩል የጠፋ ቮልት ሳይኖር ባትሪው ራሱ ከ14 ወደ 12 ከወረደ ዲናሞው አልቻለም፤ ኬብል መቀየር አይጠቅምም።

500 ዋት የሚሰጥ ክላስ ዲ በሙሉ ኃይሉ 45 አምፔር ገደማ ይስባል። ከሞተሩ ክፍል እስከ ኋላ እቃ መጫኛው 5 ሜትር ያህል ከሆነ ባለ 4 ጌጅ፣ ማለትም 21 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ይዘርጉ። ጫፉን በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም መዳብ ተቀብቶ ነው፤ ያንን ካገኙ አንድ ደረጃ ወፍራሙን ይውሰዱ። ፊውዙ ከባትሪው በ45 ሴንቲሜትር ውስጥ ይሁን፣ ልኩም ኬብሉ ከሚችለው አይብለጥ፤ ኬብሉ አንድ ቦታ ተላጦ ቦዲ ቢነካ መኪናውን ከእሳት የሚያድነው እሱ ነው። ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያጠራቅም እቃ) መጨመር ኃይል አይፈጥርም፤ ዲናሞው ላልቻለው መድኃኒት አይደለም።

ሞተሩ ሲነሳ ፉጨት ይገባል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ይቀጥናል

አርሲኤውን ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉ። ፉጨቱ ካልጠፋ ማሳው ነው፦ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፍቀው፣ ከ50 ሴንቲሜትር ባልበለጠ፣ ከፖዘቲቩ እኩል በወፈረ ሽቦ በቡሎን ይሰሩ። የመቀመጫ ቀበቶ ቡሎን ላይ ግን አይሰሩ። ሲነቀል ፉጨቱ ከጠፋ ደግሞ የሚገባው በአርሲኤው ወይም በቴፑ ማሳ በኩል ነው፤ የኃይል ኬብሉ በግራ ካለፈ አርሲኤውን በቀኝ ያሳልፉ፣ የቴፑንም ማሳ ያጠናክሩ።

ድምፁ ሲጨመር ይሰነጠቃል፣ ትዊተር ይቃጠላል

"ጌን" የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ከቴፑ የሚመጣውን ቮልት ማመጣጠኛ ነው። ከልክ በላይ ከተጠመዘዘ የድምፁ ማዕበል ጫፉ ተቆርጦ ይወጣል፣ እሱም ኮይል ያቃጥላል። "ትንሽ ዋት ስፒከር ያቃጥላል" የሚባለውም እውነቱ ይህ ነው፤ ደካማውን አምፕሊፋየር ጮክ ለማድረግ ሰው ጌኑን እስከ ጫፍ ይጠመዝዛል።

የሚፈልጉትን ዋት በኦሙ አባዝተው ዳግም ዘሩን፣ በካልኩሌተር የ√ ምልክቱን፣ ይውሰዱ። 75 ዋት በ4 ኦም 17.3 ቮልት፣ 400 ዋት በ2 ኦም 28.3 ቮልት ነው። ስፒከሮቹን ይንቀሉ፣ ቤዝ ቡስቱንና ኢኩዋላይዘሩን ዜሮ ያድርጉ፣ የቴፑን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ ያቁሙ። ለዉፈሩ የ50፣ ለበሮቹ የ1000 ሄርዝ መሞከሪያ ድምፅ በ0 ዴሲቤል ያጫውቱ። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው የስፒከር መውጫው ላይ ይያዙ፤ ጌኑን ከዝቅተኛው ጀምረው ቁጥሩ እስኪደርስ በቀስታ ያዙሩ።

ከዚያ ፊልተር፦ በሮቹን ሃይ ፓስ (ከላይ ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ) 80 ሄርዝ፣ ዉፈሩን ሎው ፓስ (ከታች ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ) 80 ሄርዝ። ሳጥኑ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ሰብሶኒክ ፊልተሩን (በጣም ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆርጠውን) ቀዳዳው ከተስተካከለበት ሄርዝ ትንሽ ዝቅ አድርገው ያብሩ፤ ከዚያ በታች አየሩ የዉፈሩን ወረቀት ስለማይገታው ዉፈሩ ሜዳ ላይ እንደተለቀቀ ይሆናል።

ቤዙ ቀጠነ

የአንዱ ስፒከር ፖላሪቲ ተገልብጧል። 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ያስነኩት፤ ፖዘቲቭ በፖዘቲቭ ሲሆን ወረቀቱ ወደ ውጭ ይወጣል።

ጨርሶ አይበራም

ሦስት ነጥብ ይለኩ፦ ፖዘቲቭ፣ ማሳ፣ ሪሞት (ከቴፑ የሚመጣው ማብሪያ ሽቦ)። ቴፑ ሲበራ ሪሞት ላይ 12 ቮልት መኖር አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ መስመር ያለው ሽቦ ነው። ሙሉ ሰማያዊው የአንቴና ስለሆነ በአንዳንድ ቴፕ ወደ ብሉቱዝ ሲዞር ይቋረጣል።

ሁሉም ደህና ነው፣ ዉፈሩ ግን ይንኮሻኮሻል

አምፕሊፋየሩን ያጥፉ፣ ሁለት መዳፍዎን ወረቀቱ ላይ በግራና በቀኝ እኩል አድርገው ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይጫኑ። ደረቅ የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ፣ የተቃጠለ ቀለም የመሰለ ሽታም ካለው ኮይሉ አብጧል። ባለ ሁለት ኮይል ከሆነ እያንዳንዱን ለብቻው ይለኩ፤ በፓራለል ከታሰሩ አንዱ ቢበጠስም ዉፈሩ መጫወቱን ስለሚቀጥል ሳይታወቅ ይቆያል። 2 ኦም የነበረው 4 ይሆናል፣ ዋቱም ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ባለቤቱም አምፕሊፋየሩ ደከመ ብሎ ጌን ይጨምራል።