ለሹፌርነት የጤና ምርመራ ስትመጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሹፌሮችን የምመረምር ነርስ ነኝ። ጭነት ይዞ ሐረጎን የወረደ ሰው ያንን ቁልቁለት ያውቀዋል። ከደሴ እስከ እኛ ድረስ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ አለ። ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የዓይን ሰሌዳውን በቃል ሸምድዶ መምጣት ነው። ባለፈው አንድ ልጅ ገና ዓይኑን ሳልሸፍንለት «ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች» እያለ የታችኛውን መስመር ተወጣው። ደጅ ቆሞ ከጓደኛው አጥንቶት ነው። ሰሌዳውን ዘቅዝቄ ሰቀልኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ። ዓይኑን አጨነቆረ፣ አንገቱን አሰገገ፣ አልሆነም። የሚያስፈልገው መነጽር ብቻ ነበር። በመነጽር ማለፍ እኮ ይቻላል! ያላችሁም አድርጋችሁት ግቡ፣ ኪሳችሁ ውስጥ አትደብቁት።

ሁለተኛው የቀለም ምርመራን መናቅ ነው። «ቀይና አረንጓዴ ማን ይስታል?» ይሉኛል። ይህ ምርመራ የተስፋፋው በባቡር ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 ስዊድን ውስጥ ላገርሉንዳ አካባቢ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው 9 ሰዎች ሞቱ። ሆልምግሬን የሚባል የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር «ቀለም መለየት ያቃተው ሠራተኛ ይኖራል» ብሎ ጠረጠረ። ከዚያ የባቡር ሠራተኞችን ባለቀለም የሱፍ ክር እያስለየ ይመረምር ጀመር። ቀይ ቀለም ላይ ችግር ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የፊተኛውን መኪና የፍሬን መብራት የሚያዩት ደብዝዞ ነው። ሐረጎ ላይ፣ ጉም ውስጥ አስቡት።

ግፊት ስትለኩ ደግሞ አትሩጡ። አቦል ቶናውን ጠጥቶ፣ ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ፣ ከነጃኬቱ እጁን የሚሰጠኝ ሰው ብዙ ነው። ከቡና በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆዩ። ሽንታችሁን ሽኑ። 5 ደቂቃ ተደግፋችሁ ተቀመጡ፣ እጅጌያችሁን አውልቁ። ከፍ ካለም አትደንግጡ፣ ሌላ ቀን ደግመን እንለካለን።

እኔን ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የስኳር በሽታን መደበቅ ነው። «ሲስተር፣ ከጻፍሽው እንጀራዬን ትቆርጪዋለሽ» ያለኝ የጭነት መኪና ሹፌር አለ። ግሊቤንክላሚድ የሚባል የስኳር መድኃኒት ይወስድ ነበር። ይህ ክኒን፣ እንደ ኢንሱሊን ሁሉ፣ ምግብ ከዘገየ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል። መጀመሪያ ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ዓይን ይደበዝዛል፣ ሐሳብ ይምታታል። መሪ የያዘ ሰው ደግሞ መምታታቱን ራሱ ላያውቀው ይችላል። እኛ ወሎዎች ደግሞ ጿሚዎች ነን፤ ረመዳኑም ዐቢይ ጾሙም በየቤታችን አለ። ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁን አነጋግሩ፤ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን የሚያስተካክለው እሱ ነው። በራሳችሁ አትቀንሱ፣ አታቋርጡም። ጋቢናው ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ አይጥፋ። ላቡ ሲጀምራችሁ ዳር ያዙና ቁሙ፤ ጾም ላይም ብትሆኑ ቅመሱ። ያ ሹፌር በመጨረሻ ነገረኝ። ወደ ሐኪም ላክነው፣ መድኃኒቱ ተቀየረለት።

«እኔ በደሞዝ አልነዳም፣ ምርመራው ምን ያደርግልኛል?» የሚሉም አሉ። ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለግሸን ጉዞ መኪናቸውን በነጻ የሚሰጡ ደጋጎች ናቸው። በብሪታንያ የድሮ የእንፋሎት ባቡሮችን የሚያንቀሳቅሱ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ዌልስ ውስጥ ያለው የታሊሊን ባቡር እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በእነሱ ጉልበት ይሠራል። በእንዲህ ያለው ሥራ ባቡር ነጂው ሳንቲም ባይከፈለውም ጤናው ይታያል። ከኋላው የተሳፈረው ሰው ነፍስ ያው ነፍስ ነው።

እንቅልፍን በጫት ማካካስም ስህተት ነው። ጫት እንቅልፍን ያዘገየዋል እንጂ አይተካውም፤ የልብ ምትና ግፊትም ይጨምራል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትሄዱ ከሆነ 3 ሰከንድ ማንጎላጀት ማለት 33 ሜትር ዓይን ጨፍኖ መንዳት ነው። ክሎርፌኒራሚን ያለበት የጉንፋን መድኃኒትም ያስተኛል፤ እሱን ውጣችሁ መሪ አትያዙ።

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ኑ። ስሙን ባታስታውሱት ችግር የለም፣ እኔ አነበዋለሁ።